ከአስኮ ትንሽ አለፍ ብሎ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ ስለ አንድ ጉዳይ የጻፏቸው ናቸው። ጉዳዩም በትልቅ ከተማ ጥግ ያደገ ልጅ በሄደበት ይዞት የሚሄደው፣ ሌላውን ሰው የሚያስቅ፣ ለባለቤቱ ግን ከልጅነቱ የለመደው ተራ ነገር የሆነ ጠባይ ነው። የዚህ ዓምድ አዘጋጅ ሰበታ ያደግሁ በመሆኔ ጥያቄዎቹን የተቀበልኳቸው በታላቅ ደስታ ነው።

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ቡራዩ ሲሆን አሁን ከቤተሰቤ ርቄ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ግቢ በገባሁበት ቀን የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ «ከአዲስ አበባ» አልኳቸው። ከመካከላቸው አንዷ የአዲስ አበባ ልጅ ነበረችና «የትኛው ሰፈር?» አለችኝ። «አስኮ» አልኳት። «አስኮ የት ጋ?» ስትለኝ «ከአስኮ ትንሽ አለፍ ብሎ» ብዬ መለስኩ። ከዚያ ወዲህ የግቢው ሰው የሚጠራኝ «አለፍ ብሎ» እያለ ነው። በቀልዱ አልከፋኝም፤ ነገር ግን ወንድሜም፣ የሰፈሬ ልጆችም፣ ሰበታ ያደገች የክፍሌ ልጅም ተመሳሳይ መልስ ሲሰጡ ሰምቻለሁ። ሁላችንም ዋሽተናል ማለት ነው? ይህስ ልማድ ከየት መጣ?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ አልዋሻችሁም። ሰው ከአገሩ ርቆ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ጠያቂው ሊያውቀው የሚችለውን ቦታ መጥራቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ከደጀን ወጣ ብላ ካለች መንደር የመጣ ሰው ሐረር ላይ «የደጀን ልጅ ነኝ» ቢል የሚከራከረው የለም። በአንቺ ላይ የተለየው ነገር ጠያቂሽ ከተማዋን ሰፈር በሰፈር የምታውቅ መሆኗ ብቻ ነው።

የሰጠሽው መልስ እንዴት እንደተመረጠ ብታስተውዪው ደግሞ በዘፈቀደ የተባለ አይደለም። የአዲስ አበባ ዙሪያ ልጅ ሁልጊዜ የሚጠራው ወደ ከተማዋ የሚገባበትን በር ነው። የቡራዩ ልጅ አስኮ ይላል፤ የሰበታና የዓለም ገና ልጅ አየር ጤና፣ የሱሉልታው አዲሱ ገበያ፣ የለገጣፎው አያት ወይም ኮተቤ፣ የገላንና የዱከሙም ቃሊቲ ይላል። በዚያ በር ላይ ታክሲ ይቀየራል፤ በዚያ በር ላይ በሰልፍ ይቆማል፤ ደብተር የሚገዛው፣ የመጀመሪያውን ሳምቡሳ ቆሞ የሚበላው፣ ከቤተሰቡ ዓይን ርቆ ከጓደኞቹ ጋር የሚቀጣጠረው እዚያው ነው። ስለዚህ «አስኮ» ስትዪ ከሕይወትሽ ውስጥ ብዙ ሰዓት ያሳለፍሽበትን ቦታ ነው የተናገርሽው።

ወሰኑም ቢሆን በአንድ ስፍራ ቆሞ የሚጠብቅ አልነበረም። አቃቂ ከጅቡቲ በሚመጣው የባቡር ሐዲድ ላይ ያደገ ራሱን የቻለ ከተማ ነበር፤ ዛሬ ስሙ የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል። ኮተቤንም በዕድሜ የገፉ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ከከተማ ውጭ እንደነበረ ሰፈር ያስታውሱታል። በእናንተ በኩል ያለው የገፈርሳ ግድብ ውኃ ከ1930ዎቹ ጀምሮ፣ የለገዳዲም ከ1960ዎቹ ጀምሮ ወደ አዲስ አበባ ሲወርድ ኖሯል፤ «አስኮ የት ጋ?» ያለችሽ ጓደኛሽ በልጅነቷ ከቧንቧ የጠጣችው ውኃ ከአንቺ መንደር በኩል የመጣ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የከተማዋ ቀላል ባቡር በምሥራቅ አያት፣ በምዕራብ ጦር ኃይሎች፣ በደቡብ ቃሊቲ ላይ ይቆማል። የዙሪያው ልጅ ባቡሩን የሚያገኘው ከቤቱ ተነሥቶ የመንገዱን አስቸጋሪ ክፍል በታክሲ ከጨረሰ በኋላ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስቀኝ የትምህርት ቤቱ ነገር ነው። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና የሚያዘጋጁት ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች በየራሳቸው በመሆናቸው፣ አስኮ የሚማረው ልጅ የአዲስ አበባን፣ በአጥር የሚዋሰነው የቡራዩ ተማሪ ደግሞ የኦሮሚያን ፈተና ይወስዳል። ሁለቱ አብረው ሊያጠኑ በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡና መጽሐፋቸው የተለያየ መሆኑን ያዩታል፤ የፈተናው ቀን ያልገጠመ እንደሆነም አንዱ ፈተናውን ጨርሶ ከደጅ ኳስ ሲያንከባልል ሌላው በመስኮት እያየው ያጠናል። በአንድ ግቢ ኖረው በሁለት አስተዳደር ያደጉት እነዚህ ልጆች አንዱን ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ሲጨርሱት ለእነርሱ ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። አስኮ ላይ በአማርኛ «ወራጅ አለ!» ብሎ የወረደ ልጅ፣ ቀጣዩን ታክሲ ከወሰኑ ወዲያ በኦሮምኛ አስቁሞት ቤቱ ይገባል። ይህንን ማንም ሳያስተምራቸው መቻላቸው ሊከበርላቸው የሚገባ ዕውቀት ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ሌሎችም የዙሪያው ከተሞች ተጠቃልለው ሸገር ከተማ መመሥረቱን ታውቂያለሽ። ስሙ ለረጅም ዘመን የአዲስ አበባ የቁልምጫ ስም ሆኖ ስለኖረ፣ ዘመዶቹ ፊት «የሸገር ልጅ ነኝ» ብሎ ይሳቅበት የነበረ የቡራዩ ጎረምሳ ዛሬ በሙሉ ልብ ሊናገረው ይችላል።

ለወደፊቱ ግን አንድ ምክር ልስጥሽ። መጀመሪያ «ቡራዩ» በዪ፤ ያላወቀው ሰው «የት ነው?» ብሎ ሲጠይቅሽ ስለ አስኮ ታስረጂዋለሽ። ቅጽል ስምሽንም ከወደድሽው ያዢው፤ በፍቅር የወጣ ስም ይመስላልና።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዓለም ገና ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የራሳችን መኪና ቢኖረንም ልጆቼ አዲስ አበባ ሠርግ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ገና ኬክ ሳይቆረስ «አባዬ፣ ታክሲ ሊያልቅ ነው» እያሉ ይነሣሉ፤ ዘመድ ሁሉ ይስቅብናል። ትንሹ ልጄ ደግሞ በበጋ እንኳ ቅያሪ ጫማ በፌስታል ሳይዝ ከቤት አይወጣም። ባለቤቴ «ልጆቹን ሥጋት ላይ ጥለናቸዋል» ትላለች፤ እኔ ደግሞ የሰፈራችን ጠባይ ነው እላለሁ። ማንኛችን ነን ልክ?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ በዚህ ጉዳይ እርስዎ ልክ ነዎት፤ ሆኖም ባለቤትዎ የታያቸው ነገር ከንቱ አይደለም፤ ልማዱ የተወለደው በእርግጥም ከሥጋት ነውና።

በጫማው ልጀምር። በሰበታና በዓለም ገና ሠፈሮች ያለው አፈር በአብዛኛው ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ ጭቃው ከጫማ ሥር እየተደራረበ ሰውን ያስረዝማል፤ ጥቂት እንደተራመዱ አንዱ እግር ይከብድና ሰው እያነከሰ ይሄዳል። በእኔ ልጅነት መላው ሰፈር ከቤት እስከ አስፋልቱ በቦቲ ይመጣና መንገዱ ዳር ባለች አንዲት ሱቅ ደጃፍ ላይ ጫማ ይቀይር ነበር። ባለ ሱቋ ለዚሁ ብላ ከበረንዳዋ ሥር ጣውላ አነጥፋ ነበር። ቦቲዎቹ በጣውላው ላይ በረድፍ ይቆማሉ፤ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ የለበሱ ስለነበሩ፣ አንዱ በአፉ ላይ ቀይ ክር ያስርበታል፣ አንዱ በውስጡ በእስክሪብቶ ስሙን ይጽፋል፣ ሌላው የቀደደውን ፌስታል ይጎሰጉስበታል። ማታ በጨለማ ስንመለስ አንድ ሰው ተሳስቶ የሰው ቦቲ አጥልቆ የሄደ እንደሆነ ለመጨረሻው ሰው ሁለት የግራ እግር ቦቲ ይተርፈዋል። እርሱም ሁለቱን ግራ አጥልቆ ቤቱ ይገባል፤ በማግስቱ ጠዋት ሁለት የቀኝ እግር የለበሰውን ሰው ከሱቁ ፊት ያገኘዋል፤ ሰላምታቸውን ተለዋውጠው፣ ጫማቸውንም ተለዋውጠው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። በዚህ ነገር የተጣላ ሰው አላየሁም። የእርስዎ ልጅ ዛሬ መንገዱ ኮብልስቶን ተነጥፎለት እንኳ ፌስታሉን ካልጣለ፣ ከታላላቆቹ ያየውን ጥንቃቄ ወርሶ ነው፤ ይተውት።

የታክሲው ነገር ጠለቅ ያለ ነው። ሰበታ ከአዲስ አበባ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል፤ ይሁን እንጂ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊትና በኋላ ያለው መንገድ አንድ አይደለም። ቀን አንድ ታክሲ የሚሄደው መንገድ ሲመሽ ይቆራረጣል፤ ሾፌሩ «እስከ አየር ጤና ብቻ» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ «እስከ ወለቴ» ይላል፣ ሒሳቡም በየቁራጩ እንደ አዲስ ይከፈላል። ረዳቱ ባዶ መኪና ይዞ «ሁለት ሰው የቀረው!» ብሎ ሲጠራ እውነት መስሎት የሚሮጠው እንግዳ ሰው ነው፤ የሰፈሩ ልጅ መጀመሪያ በመስኮት አጎንብሶ ወንበሩን ይቆጥራል። እንዲህ ያለ ትምህርት ገና በስድስት በሰባት ዓመቱ የቀሰመ ልጅ ጋራዥ ውስጥ መኪና ስለቆመ ብቻ አይረሳውም። እኔ ራሴ በልጅነቴ የሄድኩባቸውን ሠርጎች ሙሽሮቹ ሲገቡ አስታውሳለሁ፤ ኬክ ሲቆረስ ግን ያየሁት በፎቶግራፍ ነው። በዘመዶቻችን አልበም ውስጥ የእኛ ቤተሰብ የሚገኘው ምግቡ እስከሚነሣበት ገጽ ድረስ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አንዳችንም የለንም።

በዚሁ አጋጣሚ ስለሚስቁት ዘመዶችዎም አንድ ነገር እንድል ይፈቀድልኝ። አብዛኛው የአዲስ አበባ ዘመድ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ በመኪና ጭንቅንቅ ውስጥ ረጅም ሰዓት ተቀምጦ «ቅርብ ነው» ይላል፤ ወደ ዓለም ገና ሲጠራ ግን «ኧረ ሩቅ ነው፣ እናንተ ኑ» ይላል። የመጣም እንደሆነ ልጆቹ ከመኪና ሳይወርዱ «እናንተ ጋ ጅብ አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። እውነቱን ለመናገር ጅብ በአዲስ አበባም አለ፤ በእንጦጦ ሥርና በጉለሌ በኩል የሚኖር ሰው ሌሊት ድምፁን ይሰማል። ልጆችዎ ይህንን ለአክስታቸው ልጆች በትሕትና ቢነግሯቸው ጥሩ ነው፤ ሲመለሱም እርጎ አስይዘው ይሸኟቸው፤ ከከተማ የመጣ እንግዳ ከእናንተ ቤት እርጎ ሳይዝ መመለስ ቅር ይለዋልና።

ለሠርጉ የምመክርዎ መፍትሔ ቀላል ነው። ከቤት ከመነሣትዎ በፊት የሚመለሱበትን ሰዓት ለልጆቹ ቆርጠው ይንገሯቸውና በቃልዎ ይገኙ። እኒህን ልጆች የሚያስጨንቃቸው አለማወቁ ነው፤ ሰዓቱን ካወቁ ከኬኩ ድርሻቸውን ሳይቀበሉ አይነሡም።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው የምጽፍላችሁ። የአሥር ዓመት ልጄ ለጠየቀው ሁሉ «የዲሲ ልጅ ነኝ» ይላል። አዲስ አበባ ያሉት እናቴ ስልክ በደወሉ ቁጥር ፕሬዚዳንቱን አይቶ እንደሆነ ይጠይቁታል፤ እርሱም «ዛሬ አላየሁትም» ብሎ ይመልስላቸዋል። ላርመው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እመቤት፣ በትምህርት ቤት ቅጽ ላይ ሜሪላንድ ብሎ መጻፍን እስካወቀ ድረስ ብዙ አያሳስብዎት። ሲልቨር ስፕሪንግ በሞንትጎመሪ አውራጃ ሥር ያለች፣ የራሷ ከንቲባም ሆነ የከተማ ምክር ቤት የሌላት ስፍራ ናት፤ ከዋሽንግተን የሚለያትም አንድ ጎዳና ነው፤ ኢስተርን አቬኑን በእግሩ የተሻገረ ሰው ዲሲ ገባ ማለት ነው። በቀዩ መስመር ሜትሮ የተሳፈረ ልጅም ወሰኑን የት ላይ እንዳለፈ ሳይታወቀው መሐል ከተማ ይደርሳል። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችንም አሌክሳንድሪያ የሚኖረውን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረውን፣ ዋሽንግተን መሐል የሚኖረውንም በአንድነት «ዲሲ ነው ያለው» ስለሚሉ፣ ልጅዎ ከአያቱ ጋር ሲነጋገር የሚጠቀመው የእርሳቸውን ካርታ ነው።

የፕሬዚዳንቱን ነገር ግን ቢያስተካክሉት መልካም ነው፤ «ዛሬ አላየሁትም» ያለ ልጅ ትናንት ያየው ይመስላል፤ እናትዎም ይህንን ለዕድራቸው ሰዎች ነግረው ይሆናል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲደውሉ ቤታችሁ የት እንደሆነ፣ ሜትሮው የት ላይ እንደሚያዝ፣ ከቤታችሁ እስከ ኋይት ሐውስ ምን ያህል ፌርማታ እንዳለ ልጁ ራሱ በአማርኛ ያስረዳቸው።