የነዳጅ ማደያ ናሙና ሥራ ለጂኦሎጂ ምሩቅ ይሆናል?

ቨርጂኒያ የምትኖሪው እህቴ፣ ደብዳቤሽን አነበብኩት። አገር ቤት ጂኦሎጂ ተመርቀሽ በዲቪ መጥተሻል። አሁን ጋስ ስቴሽን ውስጥ ካሸር ነሽ። ወንድምሽ «ነርሲንግ ግቢና ተገላገይ» ይልሻል። አንቺ ደግሞ በነዳጅ ከተበከሉ ቦታዎች የአፈርና የከርሰ ምድር ውሃ ናሙና የሚወስድ ቴክኒሻን እንደሚፈለግ ማስታወቂያ አይተሽ ልብሽ ተነሥቷል። ሥራው ከዲግሪዬ አያንስም ወይ? ጤናስ አይጎዳም ወይ? ብለሻል።

አመልክቺ። ግን ምን እንደሆነ አውቀሽ ግቢ።

ላዩን ሲያዩት ውሃ መቅዳት ነው። የሚከፈልሽ ግን ለማስረጃ ነው። በ2006 ሜሪላንድ፣ ጃክሰንቪል ውስጥ ከአንድ ጋስ ስቴሽን ከ25,000 ጋሎን በላይ ነዳጅ ወደ መሬት ፈሰሰ። ከወር በላይ ማንም ልብ አላለውም። የአካባቢው ሰው የሚጠጣው ከግቢው ጉድጓድ ነበርና ክሱ ለዓመታት ተጓተተ። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲነሣ ናሙናውን ማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደወሰደው የሚናገረው የመስክ ደብተር ነው። ያ ደብተር አንቺ የምትጽፊው ነው።

ናሙና የሚወሰድበትን ጉድጓድ ሥራ ትንሽ ላሳይሽ። መጀመሪያ የውሃውን ጥልቀት ትለኪያለሽ። ላዩ ላይ ነዳጅ ተንሳፍፎ እንደሆነም ታያለሽ። ከዚያ ፓምፑን በዝግታ፣ በደቂቃ ከግማሽ ሊትር ሳይበልጥ ታስኬጃለሽ። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ)፣ ኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም) እና በውሃው የሟሟውን ኦክስጅን በየጥቂት ደቂቃው ትመዘግቢያለሽ። ቁጥሮቹ ለሦስት ተከታታይ ንባብ ሲረጉ ብቻ ትቀጃለሽ። ብልቃጦቹ 40 ሚሊ ሊትር ናቸው። ቀድሞ አሲድ ስለሚጨመርባቸው እንዲገነፍሉ አይፈቀድም። ውሃው አፋቸው ላይ ጉብ እስኪል ቀስ ብለሽ ሞልተሽ ትከድኛለሽ። ከዚያ ገልብጠሽ በጣትሽ መታ መታ ታደርጊያለሽ። አረፋ ከታየ በሌላ ብልቃጥ እንደ አዲስ ነው። በነዳጅ ውስጥ ያለው ቤንዚን (benzene) የተባለው ኬሚካል ተኖ ወደ አረፋው ይገባል፤ ላቦራቶሪውም ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ያወጣል። ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደው ጣሪያ በሊትር 5 ማይክሮግራም ብቻ ስለሆነ ትንሿም ስህተት ቀላል አይደለችም። ብልቃጡ ላይ 10:15፣ የርክክብ ቅጹ ላይ 10:50 ብለሽ ከጻፍሽም ያው ነው፤ ያ ናሙና ጥያቄ ይነሣበታል።

አፈሩም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። ከቁፋሮው የወጣውን አፈር በእጅ መሣሪያ ጋዙን ትለኪያለሽ፣ ቀለሙንና ዓይነቱን ትጽፊያለሽ፣ ሳይተን ፈጥነሽ ታሽጊያለሽ። እዚህ ላይ ጂኦሎጂ መማርሽ ያግዝሻል። አሸዋና ሸክላ የማይለይ ቴክኒሻን ስንት አለ መሰለሽ!

ወደ ጤናው ስመጣ፣ አደጋ የለውም አልልሽም። ያ ቤንዚን ያልኩሽ ኬሚካል ካንሰር አምጪ ነው። ለዚህ ነው አደገኛ ኬሚካል ባለበት ቦታ ለሚሠሩ የሚሰጠው፣ ሀዝዎፐር የሚባለው የ40 ሰዓት ሥልጠና፣ ከዚያ የ3 ቀን የመስክ ልምምድ፣ በየዓመቱም የ8 ሰዓት ማደሻ ያለው። ኢንተርቪው ላይ ሥልጠናውን ማን እንደሚከፍል ጠይቂ። ከመቆፈር በፊት በመሬት ውስጥ ያለው የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመር እንዲመለከትላቸው 811 ይደውሉ እንደሆነም ጠይቂ፤ በዚህ ጥያቄ ግራ የሚጋባ ድርጅት ከሆነ ይቅርብሽ። በዕለት ተዕለት ሥራ ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ስልኩን እያየ ወደ ፓምፑ የሚነዳ ሾፌር ነው። የትራፊክ ኮንና አንጸባራቂ ሰደርያ እንዳይለዩሽ። ብርዱንም እወቂው፤ ጉድጓዱ ጃንዋሪ ነው ብሎ አይጠብቅሽም።

ዲግሪሽን በተመለከተ ስጋቴ መግባትሽ ላይ አይደለም፣ እዚያው ተረስተሽ መቅረትሽ ላይ ነው። ጎበዝ ናሙና ሰብሳቢን አለቆች መልቀቅ አይወዱም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ሪፖርት ላይ እጅሽን አስገቢ። የላቦራቶሪውን ውጤት ሠንጠረዥ አዘጋጂ፣ የውሃውን ፍሰት ካርታ ሣዪ። ጎን ለጎን የትምህርት ማስረጃሽን አስገምግሚና ለአስቦግ (ለጂኦሎጂስት የሙያ ፈቃድ የሚወሰደው) ፈተና ማሟላት ያለብሽን አጣሪ። ሁለት ዓመት ሞልቶሽ አሁንም ኩለር (የናሙና ማቀዝቀዣ ሳጥን) ብቻ የምትሸከሚ ከሆነ ሌላ ድርጅት ፈልጊ።

ሲቪሽ ላይ ካሸርነቱን ወደ ታች አውርጂው፤ አትሰርዢው ግን፤ ማደያውን ከውስጥ ታውቂዋለሽና። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ የጉድጓድ ውሃ ከፍታና ኮንዳክቲቪቲ ለክቻለሁ ብለሽኛል። እሱን ስንት ጉድጓድ፣ በምን መሣሪያ ብለሽ ከላይ አስቀምጪው። ከማመልከትሽ በፊት ላኪልኝና አየዋለሁ።