የአንባቢያን ጥያቄ፦ የመርከቡ ድምፅ ስቀዳው ለምን ይበላሽብኛል?

ጥያቄ፦ የምሠራው በኮንቴይነር መርከብ ላይ ነው። የመርከቡን ድምፅ ቀድቼ ለቤተሰቦቼ ልልክ ብሞክር፣ ዴክ (ክፍት ወለሉ) ላይ የቀዳሁት ንፋስ ብቻ፣ ሞተር ክፍል የቀዳሁት ደግሞ የተሰባበረ ጩኸት ሆነብኝ። አሁን ስልኩን ትቼ አነስተኛ የድምፅ መቅጃ ገዝቻለሁ። እንዴት ልጠቀምበት?
መርከበኛ አንባቢያችሁ፣ ከጅቡቲ

መልስ፦ መቅጃ መግዛትዎ ተገቢ ነው። ስልክ ለንግግር የተሠራ ስለሆነ ሳያቋርጥ የሚያጓራውን ሞተር እንደ ረብሻ ቆጥሮ ይቀንሰዋል። መቅጃውን 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት) ላይ ያድርጉት፤ በስቴሪዮ በሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። ድምፁን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ማስተካከያ ያጥፉና ጠቋሚው ከ-12 ዴሲቤል እንዳያልፍ በእጅዎ ይመጥኑ።

ሞተር ክፍል ውስጥ ይህ ላይበቃ ይችላል። ለአዳዲስ መርከቦች የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ጣሪያ እዚያ 110 ዴሲቤል ነው፤ ማይክሮፎኑ ራሱ ሊጨናነቅ ይችላል፤ እዚያ ላይ የተሰባበረን ድምፅ ደግሞ መጠን መቀነስ አያድነውም። ራቅ ብለው፣ ከላይኛው ደረጃ ወይም ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ሆነው ይቅዱ። የጆሮ መከላከያዎን አውልቀው ኢርፎን እንዳያደርጉ፤ ጠቋሚውን በዓይን መከታተል ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚያመልጠው የዋናው ሞተር ምት ነው። ስድስት ሲሊንደር ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር በደቂቃ 90 ዙር ሲዞር በሰከንድ 9 ጊዜ ይተኩሳል። ይህ ጆሮ ከሚሰማው ወሰን በታች ነው፤ እርስዎ የሚያውቁት በፍራሹና በግድግዳው በኩል፣ በሰውነትዎ ነው። ንዝረቱን ከብረቱ ላይ የሚለቅመው የንክኪ ማይክሮፎን ነው፤ ሳንቲም የምታህል ክብ ፒዬዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የምትቀይር ቁራጭ)። በካቢንዎ ቧንቧ ወይም የብረት ግድግዳ ላይ አጥብቀው ይለጥፏት። ድምፁ ቀጥኖ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ካለ የመቅጃው መግቢያ ለፒዬዞ አልተስማማም ማለት ነው፤ መካከል ላይ ለፒዬዞ የሚሆን ፕሪአምፕ (ደካማውን ምልክት የሚያጎላ ትንሽ መሣሪያ) ያስገቡ። ቤተሰቦችዎም በኢርፎን ይስሙት፤ ምቱ ራሱ ባይሰማም፣ ከብረቱ የሚለቀመው ጉርምርምታ በስልክ ስፒከር ከነጭራሹ አይወጣም።

ዴክ ላይ ጠላትዎ ንፋስ ነው። ባሕሩ ጸጥ ቢልም፣ መርከቡ በ15 ኖት ሲጓዝ በሰዓት 28 ኪሎሜትር የሚሆን ንፋስ ፊትዎን ይመታል። የማይክሮፎኑ ስፖንጅ ሽፋን አያቆመውም፤ ጸጉራም ሽፋን ያልብሱት፣ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ የሚቀንሰውን ማጣሪያ ይክፈቱ፣ ንፋሱ ከኋላ የሚገፋበትን ቀን ይምረጡ። የመርከቡ ፊተኛ ጫፍ ከሞተሩ ስለሚርቅ ያን ቀን እዚያ ውሃው ሲሰነጠቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ብሪጁ (መርከቡ የሚመራበት ክፍል) ሳያውቅ ግን ወደዚያ አይሂዱ።

በቀይ ባሕር ሙቀት ከቀዘቀዘ ካቢን የወጣ ማይክሮፎን ወዲያው ላብ ይይዘዋል። በታሸገ ከረጢት አውጥተው ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩት።

ካፒቴኑን ያስፈቅዱ። ወደ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከተዛወሩ ደግሞ ተራ የባትሪ መሣሪያ ይዘው ወደ ጭነቱ አካባቢ መግባት ክልክል ነው።

በየቅጂው መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውንና የሞተሩን ዙር በድምፅዎ ይናገሩ፤ ከዚያ ቢያንስ 5 ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ ይቅዱ። ያልተሰየመ የሞተር ድምፅ ከሁለት ወር በኋላ ሁሉም አንድ ይሆንብዎታል።