ሥራ ፈቶ የኖረ ፈረስ ለጥር 23 ይደርሳል?

ጥያቄ፦ የ48 ዓመት ሰው ነኝ። በልጅነቴ እንጅባራ አካባቢ ፈረስ እጋልብ ነበር፤ ካቆምኩ 25 ዓመት አለፈኝ። አሁን ወደ አገሬ ተመልሼ የአጎቴን ዳማ ፈረስ ተረክቤአለሁ። 16 ዓመቱ ነው ይላሉ፤ ኮርቻ ካረፈበት አራት ዓመት ሆነው። ጥር 23 ለሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ልቀመጥበት እመኛለሁ። ሦስት ወር ይበቃል? ክብደቴ 62 ኪሎ ነው። ፈረሱን ለክቼ ደረቱ ዙሪያ 155፣ ርዝመቱ 140 ሴንቲ ሜትር ሆኗል።

መልስ፦ በሰልፉ ላይ በእርምጃ ለመሄድና በመሐል ጥቂት ሶምሶማ ለማለት ሊደርስ ይችላል። ለሽምጥ ግን አይደርስም።

መለካትዎ ጥሩ አደረጉ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዝተው፣ በርዝመቱ አባዝተው ለ11,880 ሲያካፍሉ 283 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ፈረስ ኮርቻውን ጨምሮ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ በላይ ባይሸከም ይመረጣል፤ ለእርስዎ ፈረስ 57 ኪሎ መሆኑ ነው። እርስዎ ከ8 ኪሎ ኮርቻ ጋር 70 ናችሁ። በአገራችን ትንንሽ ፈረሶች ላይ ይህ ልክ በየቀኑ ይጣሳል፤ በሽማግሌ ጀርባ ላይ ሲጣስ ግን በርቀትና በፍጥነት ማካካስ ግድ ነው።

ከሁሉ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይየው። የመንጋጋ ቆልፍና የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት፣ የአንጀት ትል መድኃኒት ያስፈልገዋል። ዕድሜውን ከላይኛው የዳር ጥርስ ማረጋገጥ ይቻላል፤ በ10 ዓመት ገደማ ከድዱ የሚጀምረው ቦይ በ15 ግማሽ ይደርሳል። ያኘከውን ሣር እየጠቀለለ የሚተፋ ከሆነ የመንጋጋ ጥርሱ ስለት አውጥቷል፤ ሳይሞረድ ልጓም አይግባበት። ኮቴውም ይከርከም፤ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይደገም። በደረቅ መሬት ሶምሶማ ሲያስኬዱት፣ አንዱ የፊት እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ራሱን ወደ ላይ ከሰቀለ ያ እግር ታሟል።

የድሮው ኮርቻ ልኩ ነው ብለው አይመኑ። አራት ዓመት ያልሠራ ጀርባ ሥጋው ስለሚጎድል የኮርቻው እንጨት አከርካሪው ላይ ይቀመጣል፤ ገጣባ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ከጭነት በኋላ ጀርባውን ይመልከቱ፤ በላብ መሐል ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ እዚያ ጫና አለ። አከርካሪው መሐል ለመሐል አየር እንዲያገኝ ከግራና ከቀኝ ወፍራም ብርድ ልብስ ያጥፉለት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በእጅ እየሳቡ ያስኬዱት፤ ከ20 ደቂቃ ጀምረው ወደ 40። በሦስተኛው ባዶ ኮርቻ ይልመድ። በአራተኛው ከድንጋይ ላይ ሆነው ይቀመጡና 15 ደቂቃ በእርምጃ ብቻ ይሂዱ፤ ከመሬት መዝለል ጀርባውን ያጣምመዋል። እስከ ስምንተኛው ሳምንት ወደ 40 ደቂቃ ያድርሱት፣ ቀለል ያለ ዳገት ጨምሩበት። ሶምሶማ ከዚያ በኋላ ነው፤ አንድ ደቂቃ ሦስት አራት ጊዜ፣ በየመሐሉ እርምጃ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአምስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ሳንባውና ልቡ ቶሎ ስለሚመለሱ ፈረሱ ይነቃል፣ ልሩጥ ይላል። ጅማትና አጥንት ግን ለመጠንከር ወራት ይፈልጋሉ፤ ደስ ብሎት ሲጋልብ ጅማቱ የሚበጠሰውም ለዚህ ነው። ካረፈ ከ10 ደቂቃ በኋላ የልቡ ምት በደቂቃ ከ60 በታች ካልወረደ፣ ወይም በማግሥቱ እግሩ ከሞቀና ካበጠ፣ ያሳርፉትና ወደ ቀደመው ሳምንት ይመለሱ።

መኖው በዋናነት ድርቆሽ ይሁን፤ በቀን 5 ኪሎ ገደማ፣ ጨውና እንደ ልብ ውኃ። ብዙ ገብስ በአንድ ጊዜ መስጠት ሆድ ቁርጠትና የኮቴ ሕመም ያመጣል፤ በቀን ግማሽ ኪሎ የተከካ ገብስ ለሁለት ተከፍሎ ይበቃል።

የልጅነት ሚዛንዎ ይመለሳል፤ ወገብና ጭንዎ ግን ይዘገያሉ። በመጀመሪያ በሌላ ሰው ጭምት ፈረስ ላይ ጥቂት ቀን ይለማመዱ። ባለቀለበቱ የብረት ልጓም መንጋጋውን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ሚዛን ሲስቱ ዛቡን ከሳቡ ያቆስለዋል፤ ያኔ ጋማውን ይያዙ። በልጅነትዎ በባዶ እግር፣ በአውራ ጣት የያዙት ጠባብ እርካብ ደግሞ ለጫማ አይሆንም፤ ቢወድቁ እግርዎን ይዞ ያስጎትትዎታል። ሰፊ እርካብ፣ ተረከዝ ያለው ጫማና የራስ ቁር ያድርጉ።

በበዓሉ ቀን ከለመደው ፈረስ ጎን፣ ከሰልፉ ዳር ይሁኑ። ጉግሱ ሲጀመር ሌሎቹን ተከትሎ መሮጥ ስለሚፈልግ፣ ቀደም ብለው ወርደው በእጅዎ ይያዙት።