የአባቴ ሌንስ ቀለበት አልዞር አለ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ በዜኒት ካሜራው ይጠቀምበት የነበረው ሄሊዮስ 44-2 ሌንስ አሁን እኔ ጋር ነው። በአዳፕተር አዲሱ ካሜራዬ ላይ ገጥሜ ሐይቁ ዳር ሰርግ አነሣበታለሁ። ያስቸገረኝ የፎከስ ቀለበቱ ነው፤ ጠዋት ታግዬ ነው የማዞረው፣ ቀትር ላይ ትንሽ ይላላል። የሰፈራችን የባጃጅ መካኒክ የኩሽኔታ ግራሶ ልቀባልሽ ይላል፤ ጓደኛዬ ደግሞ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል ትላለች። የቱ ይሻላል?
ከአቶቴ፣ ሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለቱንም አመስግኚና ተያቸው።

ጠዋት ጠንክሮ ቀትር ላይ መላላቱ ደግ ምልክት ነው። ብረቱ ተጣሞ ቢሆን ኖሮ ፀሐይ አታቃናውም ነበር። የደረቀው ግራሶው ነው፤ ከዓመታት ብዛት ዘይቱ ተለይቶ ሄዶ የቀረው እንደ ሙጫ ሆኗል።

የስፌት መኪና ዘይትን በራሴ እጅ ቀምሼዋለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ ደንበኛ ሌንስ ላይ ሁለት ጠብታ አደረግሁ። ቀለበቱ በአንድ ጣት ሲሽከረከር አይቶ መርቆኝ ሄደ። በሁለተኛው ወር ተመልሶ መጣ። ዘይቱ በቀለበቱ የብሎን ጥርስ መካከል ሾልኮ የዲያፍራሙን (የብርሃን መግቢያውን የሚያሰፉና የሚያጠብቡትን) ቅጠሎች አርሷቸዋል፤ ውስጠኛው መስታወት ላይም ሰው የተነፈሰበት ይመስል ጉም ተቀምጧል። ያንቺ ሌንስ ዲያፍራሙ በእጅ የሚዞር ስለሆነ ቅጠሎቹ ዘይት ቢነካቸውም ይሠራሉ፤ በስፕሪንግ የሚዘጉት ናቸው ተጣብቀው የሚቀሩት። ጉሙ ግን ማንንም አይምርም። የዛገ ብሎን ለማላቀቅ የሚነፋው ዘይትም ያው ነው። ቫዝሊን በእጅ ሙቀት እንኳን ስለሚለሰልስ ለሐዋሳ ቀትር አይሆንም።

የኩሽኔታው ግራሶ ወፈር ስለሚል ያታልላል። የተሠራው ግን ሲሽከረከር ለሚውል ጎማ ነው። የፎከስ ቀለበት ጣትሽ ሲገፋው ለዘብ ብሎ ሊቃወምሽ፣ ስትለቂው ደግሞ ካቆምሽበት ላይነቃነቅ ይገባል። ይህን ጠባይ የሚሰጠው ዳምፒንግ ግሪስ የሚባለው ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ አንዲት ትንሽ ቱቦ አስመጪ፤ ዕድሜ ልክሽን ትበቃሻለች። ካጣሽ፣ ቴፍሎን ያለበት ሰው ሠራሽ ግራሶ፣ ውፍረቱ ቁጥር 2 የሆነ ፈልጊ። ቁጥር 2 ማለት የኦቾሎኒ ቅቤ ያህል ነው። ቀለበቱ ከዳምፒንግ ግሪሱ ቀለል ይልብሻል እንጂ ይሠራል።

የትኛውንም ከመቀባትሽ በፊት በሳምቡሳ መንገድ ፈትኚው። የምስር ፍሬ የምታህል ግራሶ ነጭ ወረቀት ላይ አድርገሽ ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ሦስት ቀን አቆዪው። ሳምቡሳ የተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ እንደምናየው የዘይት ክብ በሰፋ ቁጥር፣ ያ ዘይት ሌንስሽም ውስጥ እንዲሁ ይራመዳል ማለት ነው። የመካኒኩንም ከጎኑ አስቀምጪለት፤ ክቡን ሲያይ አይከራከርሽም።

አዲሱን በአሮጌው ላይ አትደርቢ። መስታወት ያለበትን ክፍል አስቀድመሽ አውጪ። ጥርሱ እንደ ተራ ብሎን አንድ ሳይሆን ብዙ መግቢያ ስላለው፣ ሁለቱ ቀለበቶች የተለያዩበትን ነጥብ በመርፌ ጫፍ ምልክት አድርጊ፣ በስልክሽም አንሺው። ይህን ዘንግቼ አንድን ሌንስ ስድስት ጊዜ ገጥሜ ፈትቻለሁ። አሮጌውን በንጹሕ ቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ እጠቢው፤ እባክሽ የቡና ከሰል ካለበት ክፍል አይሁን። ሲደርቅ አዲሱን በስንጥር ስስ አድርገሽ ቀቢ፤ የብረቱ ቀለም ከሥሩ መታየት አለበት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ ጊዜ ያህል አዙሪና ተገፍቶ የወጣውን ጥረጊ።

ከገጠምሽው በኋላ ቀለበቱን ወደ ሩቁ እስከ መጨረሻው አዙረሽ ታቦር ተራራን አንሺ። ጥርት ካላለ በሌላ መግቢያ ገብቷልና ፍቺው። ሥራውን ስትጀምሪ፣ ገና ከመፍታትሽ በፊትም ከዚያው ቦታ አንድ ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪ፤ አዳፕተሩ ቀድሞ ያበላሸውን የሩቅ ጥራት በእኔ እንዳታሳብቢ።