«የትኛውን በር ላንኳኳ?» ስለ ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ከሰሜን ሸዋ ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው ሳምንት «ስለ ዩኒቨርሲቲ ያልገባችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከዓለም ከተማ፣ ከአረርቲ፣ ከደብረ ብርሃን ከተማም ብዙ ጥያቄ መጣ። እኔ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር (የተማሪ ምዝገባና ውጤት የሚያዝበት ቢሮ) ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። መስኮቱ ላይ ቆመው ያለቀሱ ልጆች ብዙ አይቻለሁ። አብዛኞቹ መብት ነበራቸው። የጎዳቸው የትኛው በር እንደሚንኳኳ ሳያውቁ ቀኑ ማለፉ ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

«ዩኒቨርሲቲውን የሚመራው ፕሬዝዳንቱ ብቻ ነው?» (የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)

አይደለም ወንድሜ። ከፕሬዝዳንቱ በላይ የሥራ አመራር ቦርድ አለ። ዕቅድና በጀት እዚያ ይታያል። ፕሬዝዳንቱ የዕለት ተዕለቱን ሥራ ይመራል፤ ሹመቱ ከትምህርት ሚኒስቴር ይመጣል።

በትምህርት ጉዳይ ግን ትልቁ ቃል የሴኔት ነው። ሰብሳቢው ፕሬዝዳንቱ ነው፤ ዲኖች (የኮሌጅ ኃላፊዎች)፣ ሬጅስትራሩ፣ የመምህራንና የተማሪዎች ተወካዮች ይቀመጡበታል። የተመራቂዎችን ስም ዝርዝር የሚያጸድቀው ይኸው ሴኔት ነው። ግቢ ውስጥ ሁሉም «ሌጂስሌሽን» የሚለው ሰነድም የሴኔቱ ሕግ ነው። በአገር ደረጃ ደግሞ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 አለ።

ሌጂስሌሽኑን ስልክህ ላይ ጫነው። ሁሉንም ማንበብ የለብህም። ስለ ተማሪ የሚያወራውን ምዕራፍ ብቻ አንብብ። አንድ ከሰዓት አይፈጅብህም፤ አራት ዓመት ያገለግልሃል።

«ውጤቴ ትክክል አይመስለኝም። መምህሩን ሳናግረው "ነገ ና" ይለኛል። ምን ላድርግ?» (ተማሪ፣ ከአረርቲ)

ይህ ጥያቄ በተለያየ መልክ ሰባት ሰው ጠይቆታል። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

መጀመሪያ መምህሩን ማናገርህ ልክ ነው። የፈተና ወረቀትህን አይተህ የነጥቡን ድምር አብራችሁ ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ችግሩ የድምር ስህተት ነው፤ እዚያው ያልቃል። «ነገ ና» ሁለቴ ከተባልክ ግን ሦስተኛውን አትጠብቅ። የቅሬታ ማቅረቢያው ቀን በሌጂስሌሽኑ የተቆረጠ ነው። አንተ ስትመላለስ እሱ ይሄዳል።

ማመልከቻ ጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል። ከላይ «ለ» ብለህ የትምህርት ክፍልህን፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ፦ የውጤት ቅሬታ ስለማቅረብ» ብለህ ጀምር። የኮርሱን ስምና ኮድ፣ የመታወቂያ ቁጥርህን፣ መምህሩን ያናገርክበትን ቀን አስፍር። ስድብ፣ ልመናና ታሪክ አያስፈልገውም። ከታች «ግልባጭ» ብለህ ለኮሌጁ ዲን ጨምር። ሁለት ኮፒ ይዘህ ሂድና አንዱን ለትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ስጥ። ሌላው ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቀንና ፊርማ አስደርገህ ለራስህ ያዝ።

ይህቺ ማኅተም ትንሽ ትመስላለች። አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች። በነጠላዋ ጠቅልላ የያዘችውን ወረቀት አውጥታ በመስኮቱ አሳየችኝ። ጫፉ ተልጧል፣ ማኅተሙ ግን ይነበባል። ትምህርት ክፍሉ «ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው የመጣችው» ብሎ ነበር። ማኅተሙ ግን ቀኑ ሳያልፍ በአራተኛው ቀን ማመልከቷን ይመሰክራል። ወረቀቷ ድጋሚ ታረመ። ከሲ ወደ ቢ ፕላስ ወጣች።

ትምህርት ክፍሉ ዝም ካለህ ወደ ዲኑ፣ ከዚያ ወደ አካዳሚክ ምክትል ፕሬዝዳንት ትሄዳለህ። ውስጡን ሁሉ ጨርሰህ መልስ ካጣህ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደል አቤቱታ ይቀበላል። ግን ደረጃውን ዘለህ አትሂድ። በየቢሮው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ታች ያለው ምን አለህ?» የሚለው ነው።

«ልጄ ደብረ ብርሃን ተመድባለች። ሰው ዕዳ አለባችሁ ይለኛል። እኔ ገበሬ ነኝ፤ ከየት አምጥቼ እከፍላለሁ?» (አባት፣ ከመሐል ሜዳ)

አባቴ፣ አይደንግጡ። አሁን ከኪስዎ የሚጠየቅ ነገር የለም። ወጪ መጋራት የሚባለው ነው። በደንብ ቁጥር 91/1995 የመጣ ነው። ተማሪዋ የምግቧንና የመኝታዋን ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ የተወሰነውን ድርሻ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ ትከፍላለች። በየዓመቱ ውል ትፈርማለች። ዕዳው የእሷ ነው፤ በሬዎን የሚነካብዎ የለም።

አንድ ነገር ግን ይንገሯት። የፈረመችውን ውል ኮፒ በየዓመቱ ታስቀምጥ። ስትመረቅ በእጇ የሚገባው ቴምፖው (ጊዜያዊው የምረቃ ማስረጃ) ነው። ኦርጅናሉን ዲግሪ ለማውጣት ዕዳው መዘጋቱ ይጠየቃል።

«ካፌው ምግብ ሲበላሽ ለማን ይነገራል?» (ተማሪ፣ ዓለም ከተማ)

ምግብ፣ ዶርም፣ ክሊኒክ፣ እነዚህ ሁሉ የተማሪዎች አገልግሎት ዲን ሥር ናቸው። ዶርም ውስጥ ውኃ ቢጠፋ ወይ በር ቢሰበር መጀመሪያ ፕሮክተሩ (የዶርሙ ተቆጣጣሪ)፣ ቀጥሎ ዲኑ። ካፌ ላይ ደግሞ የተማሪዎች ኅብረቱን ይዛችሁ ግቡ። ለአንድ ተማሪ በቀን ይመደብ የነበረው 22 ብር በ2017 ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ስለዚህ ሳህናችሁ ላይ ስላለው ነገር መጠየቅ መብታችሁ ነው። ለራሴ ልብላ ያለ ደግሞ ኖን ካፌ ተመዝግቦ ገንዘቡን በእጁ መቀበል ይችላል።

«እናቴ ስለታመመች ትምህርቴን ትቼ መጣሁ። ዓመት ሆነኝ። ልመለስ እችላለሁ?» (ከሸዋ ሮቢት)

ስትወጣ የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ቅጽ ሞልተሃል? ክሊራንስ (የግቢውን ንብረት መልሰህ ከዕዳ ነፃ መሆንህን የሚያሳየውን) ጨርሰሃል? ከሆነ መንገድህ ክፍት ነው። ሪአድሚሽን (መልሶ ለመግባት) በማስታወቂያው ቀን ታመለክታለህ፤ ዶርሙም ስሙም ይመለሳል።

ካልሞላህ ከበድ ይላል። ሳይናገር የጠፋ ተማሪ ፈተናው ላይ ስላልተገኘ በየኮርሱ ኤፍ ሊመዘገብበት ይችላል። እንዲህ የሆነበት ልጅ አይቻለሁ። እናቱን ሊያስታምም ነው የሄደው፤ ማንም ክፉ ሥራ ሠራ አይለውም። ኮምፒዩተሩ ግን ኤፍ ብቻ ነው የሚያየው። አሁንም ተስፋ አትቁረጥ። የእናትህን የሕክምና ማስረጃ ከሆስፒታሉ በማኅተም አውጣ፤ የቀበሌ ደብዳቤም ጨምርበት። ሬጅስትራር በአካል ሂድ። በስልክ አያልቅም።

ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ ነገ የሚያስሄድ ነገር ቢገጥማችሁ እንኳ ለቅጹ ግማሽ ቀን ስጡ።

«ልጄን አንድ መምህር ማታ ማታ ይደውልላታል። ውጤቷን እንዳያበላሸው ፈርታ ዝም ብላለች።» (እናት፣ ደብረ ብርሃን)

እናቴ፣ ይህን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን ደጋግመው ይንገሯት። መልእክቶቹን አታጥፋ። የደወለበትን ቀንና ሰዓት ትጻፍ። ቢሮው ብቻዋን አትግባ።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የሥርዓተ ፆታ ጉዳዮች ቢሮ አለ። እዚያ የምትሄደው ለዚህ ነው። ፈተናዋ በሌላ መምህር እንዲታረምላት በጽሑፍ ትጠይቅ። ማስፈራራት ወይም መንካት ካለበት ጉዳዩ የግቢው ብቻ አይደለም፤ ፖሊስ ጋ ነው። ከቻሉ አብረዋት ይሂዱ። ከአጠገቧ ሰው ሲኖር ቃሏ ይጸናል።

«የመውጫ ፈተና ስንት ነው ማለፊያው? ሬሜዲያልስ?» (ብዙ ሰው)

ሁለቱም 50 በመቶ። የመውጫ ፈተና፣ ማለትም ተማሪ ለመመረቅ የሚፈተነው፣ በ2015 ነው የተጀመረው፤ የወደቀ ድጋሚ ይቀመጣል። ሬሜዲያል (የመግቢያ ነጥብ ያላመጡ ተማሪዎች የሚወስዱት ማካካሻ ትምህርት) ሲጀመር 30 በመቶው ከዩኒቨርሲቲው፣ 70 በመቶው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ነበር የሚያዘው።

«ራስ ገዝ ሲባል ምን ማለት ነው?» (መምህር፣ ሸዋ ሮቢት)

በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 የመጣ ነው። ዩኒቨርሲቲው ገንዘቡን፣ ሠራተኛውንና ተማሪ አቀባበሉን በራሱ ይወስናል። የመጀመሪያው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የእኔ ሥጋት የደሃ ልጅ ነው። ነፃነቱ መልካም ነው፤ ክፍያው ግን የመንዝን ልጅ በር ላይ እንዳያስቀረው ከአሁኑ መጠየቅ አለብን።

«ለምዝገባ ምን ይዤ ልምጣ?» (አዲስ ተማሪ፣ ከአረርቲ)

የጥሪ ማስታወቂያውን ቃል በቃል አንብቢ። አብዛኛውን ጊዜ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ማስረጃ፣ የ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕት፣ ኦርጅናሉም ኮፒውም፣ ጉርድ ፎቶ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ ይጠየቃል። ኮፒውን ከአረርቲ አድርገሽ ነይ፤ በምዝገባ ቀን ግቢው አጠገብ ያለው ሰልፍ አይቻልም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አንቺ ከቆላ ነው የምትመጪው። በኅዳር ሌሊት አንድ ብርድ ልብስ አይበቃሽም። ሁለት ያዢ፣ ካልሆነም የእናትሽን ጋቢ።