«ፋይሉ ምስጢር ነው» ሲሉን፦ ስለ እንባ ጠባቂና ስለ ማኅበራዊ አገልግሎት መዝገብ ጥያቄና መልስ

በወረዳ ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የባለጉዳዮችን ፋይል ስይዝ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከሰሜን ሸዋ ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልሴ ይኸው።

ጋሼ፣ እናቴ ከሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍ (መሥራት ለማይችሉ ችግረኞች ከሚሰጠው እርዳታ) ተሰረዙ። ምክንያቱን ስንጠይቅ «ፋይሉ ምስጢር ነው» ተባልን። እንባ ጠባቂ ሊያየው ይችላል? (ከመሐል ሜዳ)

ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደል ሲመረምር፣ ማስረጃ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ እንዲያቀርብ ያዝዛል። የወረዳው መዝገብ ቤት ከዚህ አያመልጥም። ደግሞስ ምስጢሩ የእናትህ ሕመምና ችግር አይደለም እንዴ? የምስጢሩ ባለቤት እናትህ «ይታይልኝ» እያሉ ቢሮው የማንን ገመና ነው የሚሸፍነው?

መርማሪ መጥቶ ቢያይ የሚጠቅመው የሐኪም ወረቀቱ ሳይሆን የቀበሌው መልማይ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ነው። ስማቸው በየትኛው ስብሰባ ተሰረዘ? እነማን ፈረሙ? ስም በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ የምክንያቱ ቦታ ባዶ የሆነበት ቃለ ጉባኤ ብዙ አይቻለሁ። አስቀድማችሁ ግን ለቀበሌው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ አመልክቱ፤ ከማመልከቻው ቅጂ ላይም የተቀባዩን ፊርማ አስቀሩ።

ጎረቤቶቻችን እንዴት እንደተመለመሉ እኛም ፋይላቸውን እንይ? (ከሸዋ ሮቢት)

አይሆንም። አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የማግኘት መብት ሲሰጥ የሌላውን ሰው የግል ጉዳይ አሳልፎ አልሰጠም። የተመልማዮች ስም ዝርዝር ግን በሕዝብ ፊት ሊነበብ ይገባል፤ ካልተነበበ አቤቱታችሁ እሱ ይሁን።

የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነኝ። የተደፈረች ሕፃን ቃል ያለበትን ፋይል ለእንባ ጠባቂ መርማሪ ልስጥ? (ከደብረ ብርሃን)

ስጋትሽ ተገቢ ነው ልጄ። የጽሑፍ ትእዛዝና መታወቂያ ጠይቂ። ከዚያ ጥያቄው ምን እንደሆነ ለዪ፦ አቤቱታው ቢሮው ጉዳዩን አዘግይቷል የሚል ከሆነ፣ መርማሪው የሚያስፈልገው ቀኖቹ፣ ደብዳቤዎቹና የኃላፊዎቹ ውሳኔ ነው። የልጅቱ ቃል ካላስፈለገ በታሸገ ፖስታ ይቆይ። ካስፈለገም እዚያው ቢሮ ተቀምጦ ያንብብ፤ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ገጽ እንዳየ በመዝገብ ይፈርም።

ከሁሉ በላይ ጥቃቱን የጠቆመውን ሰው ስም ሸፍኚ። እኛ አገር በአንድ ቀበሌ ስም ከወጣ ቂም ይከተላል። የእንባ ጠባቂ አዋጁም ተቋሙ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ እንዳይወድቅ ምስጢር እንዲጠብቅ ያስገድደዋል። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም የጤና መረጃን በተለየ ጥንቃቄ ከሚያዙት መድቦታል። እነዚህ ሕጎች ስለ አያያዙ እንድትጠነቀቂ ያደርጉሻል እንጂ መርማሪን ከበር ለመመለስ ሰበብ አይሆኑም።

ኃላፊው እምቢ ቢልስ?

ያስቀጣዋል። እምቢታውን በጽሑፍ እንዲሰጥ ጠይቁት፤ አብዛኛው ኃላፊ እዚያ ላይ ሲደርስ ይለዝባል።

መጻፍ የማይችልስ? ክፍያውስ?

በቃል ማመልከት ይቻላል፤ ክፍያ የለውም። የቤተሰብ አባልም ሊያመለክትላችሁ ይችላል። የክልላችን ቅርንጫፍ ባሕር ዳር ነው፤ ከደብረ ብርሃን ለሚነሳ ግን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት መድረስ ይቀለዋል።

ጉዳያችን ፍርድ ቤት ነው።

እንግዲያው እንባ ጠባቂ አይገባበትም። ፋይሉ እንዲቀርብ ዳኛውን ጠይቁ።