የፖሊስና የእሳት አደጋ አዛዦች የግዴታ ጡረታ በአሜሪካ፦ ጥያቄና መልስ

በማሳቹሴትስ በማዘጋጃ ቤቶች የጡረታ ጉዳይ ላይ ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ፣ የፖሊስና የእሳት አደጋ መከላከያ አዛዦች በዕድሜ ምክንያት ስለሚሰናበቱበት ሕግ የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። ጠያቂው ግዛቱን፣ ከተማውንና ማዕረጉን ካልጠቀሰ ግን የዕድሜ ቁጥር መናገር እንደማይቻል አስቀድሜ አሳስባለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሰላማዊት፦ ሠራተኛን በዕድሜው ምክንያት ማሰናበት ክልክል ነው ይባላል። ታዲያ በፖሊስና በእሳት አደጋ ሠራተኞች ላይ እንዴት ተፈቀደ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። 40 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ሠራተኞች ከአድሎ የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ በ1967 ወጥቶ በ1974 የግዛትና የከተማ መንግሥታትን እንዲያካትት ተደረገ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1976 የማሳቹሴትስ ግዛት ፖሊሶች በ50 ዓመታቸው እንዲሰናበቱ ማድረግ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ነበር፤ በ1983 ግን በ55 ዓመቱ ጡረታ እንዲወጣ በተደረገ የዋዮሚንግ የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ ጉዳይ የ1967ቱ ሕግ ግዛቶችንም ይገዛል ሲል ወሰነ። ኮንግረስ በ1986 ለአብዛኛው ሠራተኛ የዕድሜ ጣሪያውን ሲያነሳ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን በዕድሜ ለማሰናበት እስከ 1993 መጨረሻ የሚቆይ ልዩ ፈቃድ ሰጠ፤ ጉዳዩም እንዲጠና አዘዘ። የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1992 ያቀረቡት ጥናት፣ ማን በሥራ ላይ በድንገት እንደሚወድቅ ለማወቅ ዕድሜ ደካማ መለኪያ መሆኑንና የአካልና የአእምሮ ብቃት ፈተና እንደሚሻል አመለከተ። ያም ሆኖ ኮንግረስ በ1996 ፈቃዱን ያለ ጊዜ ገደብ እንደገና ሰጠ። የማዝነው ጥናቱን ራሱ አዝዞ ውጤቱን ወደ ጎን በመተዉ ነው።

ብሩክ፦ የፖሊስ አዛዥ ስንት ዓመት ሲሞላው ነው ጡረታ የሚወጣው?

መልስ፦ የት? እባክዎ መግቢያውን ያንብቡ።

ብሩክ፦ ይቅርታ፣ ኒው ዮርክ ከተማ ማለቴ ነው።

መልስ፦ መለዮ ለባሾች በ63 ዓመታቸው ይወጣሉ። ኮሚሽነሩ ሲቪል ተሿሚ ስለሆነ ይህ አይመለከተውም፤ ሬይመንድ ኬሊ በ2013 መጨረሻ ሥራቸውን ሲያስረክቡ 72 ዓመታቸው ነበር።

ወይዘሮ አልማዝ፦ እኛ በማሳቹሴትስ በአንዲት ትንሽ ከተማ ነው የምንኖረው። የእሳት አደጋ አዛዣችን በሚቀጥለው መስከረም 65 ይሞላቸዋል፤ ሕዝቡም በጣም ይወዳቸዋል። እንዲቆዩልን ምን እናድርግ?

መልስ፦ የግዛቱ ጣሪያ 65 ነው፤ ከተማዋ በራሷ ውሳኔ ልታልፈው አትችልም። ስለዚህ አዛዡ እንዲቆዩ ልዩ ሕግ እንዲወጣ የሚጠይቅ ልመና ታቀርባላችሁ፦ የነዋሪዎች ጉባኤ ልመናውን ያጸድቃል፣ የግዛቱ ሁለት ምክር ቤቶች በሕግ መልክ ያሳልፉታል፣ አገረ ገዢው ይፈርምበታል። እንዲህ ያለው ሕግ አዛዡን በስማቸው ጠርቶ እስከ መቼ እንደሚቆዩ ይገልጻል፤ ከተማዋም በራሷ ወጪ በገለልተኛ ሐኪም ልታስመረምራቸው እንደምትችል ይደነግጋል። አዛዡ ራሳቸው ሊያነቡት የሚገባው ግን ሌላው አንቀጽ ነው፦ ብዙውን ጊዜ 65 ከሞላቸው በኋላ ከደመወዛቸው የጡረታ መዋጮ አይቆረጥም፤ የጡረታ አበላቸውም በ65 ዓመታቸው ወጥተው ቢሆን ኖሮ ያገኙት በነበረው ልክ ይቆማል። ተጨማሪ ሦስት ዓመት ማገልገል አበላቸውን አያሳድገውም። ብዙዎች ይህን የሚረዱት ካለፈ በኋላ ነው።

የእኔ ተቃውሞ ሕጉ በአንድ ሰው ስም መጻፉ ላይ ነው። ወዳጅ ያለው አዛዥ ይቆያል፤ ያን ያህል ብቃት ያለው ነገር ግን ከምክር ቤቱ ጋር የተቀያየመው ይሰናበታል። በየዓመቱ የሐኪም ምርመራና የብቃት ፈተና የሚያልፍ አዛዥ ሁሉ እስከ 68 ወይም 70 እንዲሠራ የሚፈቅድ አንድ አጠቃላይ ሕግ ቢወጣ ይህ ሁሉ ደጅ መጥናት በቀረ ነበር።

ቴዎድሮስ፦ አዛዥ ቢሮ ተቀምጦ ነው የሚያዘው። ለእሱ የዕድሜ ጣሪያ ለምን አስፈለገ?

ዮሐንስ፦ አልስማማም። አዛዡ ካልለቀቀ ምክትሉ ሳይሾም ያረጃል። ሃያ ዓመት የጠበቀ ሰውስ መብት የለውም?

ቴዎድሮስ፦ ሹመት ወረፋ አይደለም፤ ልምድ ያለውን ማሰናበት የሚጎዳው ነዋሪውን ነው።

መልስ፦ ወንድሞቼ፣ የምክትሉ ሹመትና የሕዝብ ደኅንነት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸውና አታደባልቋቸው። አቶ ቴዎድሮስ ያሉት ለትልቅ ከተማ ይሠራል። በትንሽ ከተማ ግን አዛዡ ራሱ የእሳት ልብሱን ለብሶ ቃጠሎው ዘንድ ይደርሳል። በአገሪቱ በሥራ ላይ ከሚሞቱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ግማሽ ለሚጠጉት ምክንያቱ ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው፤ ስለዚህ ምርመራው የይስሙላ መሆን የለበትም።

ሄኖክ፦ የፌዴራል ፖሊሶችስ?

መልስ፦ 20 ዓመት ያገለገለ በ57 ይወጣል፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እስከ 60 ሊያራዝምለት ይችላል። ለአንድ ሰው ተብሎ የሚሰጥ ፈቃድ ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ኤድጋር ሁቨርን ማስታወስ ይበቃል፦ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1964 ከ70 ዓመቱ የጡረታ ግዴታ ነጻ ስላደረጉት በ1972 በ77 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ የፌዴራል የምርመራ ቢሮውን ኤፍ ቢ አይን መራ። ኮንግረስ የዳይሬክተሩን ዘመን በአሥር ዓመት የወሰነው ከዚያ በኋላ፣ በ1976 ነው።

መሠረት፦ ስለዚህ አዛዥ ሁሉ በ65 ይወጣል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ግዛቱን ይጥቀሱ። ይህን ስጽፍ ሦስተኛዬ ነው።

ጌታቸው፦ በኢትዮጵያስ?

መልስ፦ የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ይወጣል። ስለ ፖሊስ ግን እዚያው የሠራ ሰው ቢመልስ ይሻላል።

ወይዘሮ አልማዝ፦ ለመስከረም እንደርሳለን?

መልስ፦ ዛሬ ከጀመራችሁ ትደርሱ ይሆናል። ልመናው በሚቀጥለው የነዋሪዎች ጉባኤ አጀንዳ ላይ እንዲያዝ ለከተማዋ አስተዳዳሪዎች በጽሑፍ አመልክቱ። የግዛቱ ምክር ቤት መደበኛ ስብሰባዎቹን ከጨረሰ በኋላ አንድ አባል ብቻ ቢቃወም ረቂቁ ሊቆም ይችላል፤ ስለዚህ የአካባቢያችሁን ተወካይ አስቀድማችሁ አነጋግሩ። አዛዡም ከመስማማታቸው በፊት የመዋጮውን አንቀጽ ከጡረታ ቦርዱ ጋር ተቀምጠው ያንብቡት።